ከአዳማ ተሳቢ እየጎተቱ አዲስ አበባን በዳር ለማለፍ፦ የጉዞ መስመር አወጣጥ ዝርዝር መመሪያ

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦ፣ ወደ ጎጃም ወይም በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚጓዝ አሽከርካሪ አዲስ አበባን ሳይነካ ማለፍ ይቸግረዋል። በትንሽ መኪና የሚሄድ ሰው መንገድ ቢስት በሚቀጥለው አደባባይ ዞሮ ይመለሳል። ተሳቢ የሚጎትት ሰው ግን ጠባብ መታጠፊያ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ከኋላው ታክሲና አውቶቡስ ተደርድሮ እያለ፣ ወደ ኋላ መመለስ በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ የተሳቢ መስመር የሚመረጠው በኪሎ ሜትር ማጠር ሳይሆን በመታጠፊያዎቹ ስፋትና በመቆሚያዎቹ ምቾት ነው። ዋናው ውሳኔም መሪ ከመጨበጥ በፊት አዳማ ላይ ተቀምጦ መወሰን ይኖርበታል።

መመሪያው የተጻፈው በፒካፕ፣ በላንድክሩዘር ወይም በመለስተኛ የጭነት መኪና ተሳቢ ለሚጎትቱ ሰዎች ነው። ተሳቢው መኝታና ማብሰያ ያለው ካራቫን፣ ተንቀሳቃሽ ወጥ ቤት፣ ጀነሬተር ወይም የውኃ ታንከር ሊሆን ይችላል። የጅቡቲን መስመር የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮች ከዚህ ውስጥ ብዙውን በልምድ ያውቁታል፤ በአዳማና በሞጆ ማደያዎች ላይ እነሱን አግኝቶ ስለ መንገዱ የሚጠይቅ ሰው ከየትኛውም ካርታ የተሻለ መረጃ ይዞ ይነሣል።

አንደኛ፦ የሚጎትቱትን ነገር ልክ ይወቁ

ካርታ ከመክፈትዎ በፊት ሜትር ይያዙ። ከመኪናው የፊት መከላከያ እስከ ተሳቢው የኋላ መብራት ያለውን ርዝመት፣ ስፖኪዮዎቹን ጨምሮ ሰፊው ቦታ ላይ ያለውን ስፋት፣ እንዲሁም ከመሬት እስከ ከፍተኛው ጫፍ ያለውን ቁመት ይለኩ። ቁመት ሲለኩ ጣሪያው ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ክዳን፣ አንቴናውንና የታሰረውን ዕቃ አይርሱ፤ ከድልድይ ሥር ሲያልፉ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነውና። ሦስቱን ቁጥሮች በጉልህ ጽፈው ከመሪው አጠገብ ይለጥፉ። የከፍታ ገደብ የሚያሳይ ምልክት ፊት ለፊት ሲመጣ ለማስታወስ የሚተርፍ ጊዜ የለም።

ክብደቱን በግምት አይተዉት። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ብዙውን ጊዜ የባዶው ተሳቢ ክብደት ነው፤ 100 ሊትር ውኃ ብቻ 100 ኪሎ ይጨምራል፤ የጋዝ ሲሊንደር፣ ፍራሽ፣ የምግብ ዕቃና መለዋወጫ ጎማ ሲታከሉበት ደግሞ ልዩነቱ ከሚያስቡት በላይ ይሆናል። ተሳቢውን ለጉዞው በሚጫነው ልክ ጭነው የእህል ወይም የብረት መኪኖች በሚመዘኑበት ሚዛን ላይ ያስመዝኑት። መኪናው እንዲጎትት አምራቹ ከፈቀደው ክብደት ፈጽሞ ማለፍ የለበትም። ካራቫን መጎተት ለሚጀምሩ ሰዎች የሚሰጠው የተለመደ ምክር ከዚህም ይጠነቅቃል፤ የተጫነው ተሳቢ ክብደት ከባዶው መኪና ክብደት ከ85 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። መኪናው 1,900 ኪሎ ከሆነ ተሳቢው ከ1,615 ኪሎ በታች ሊሆን ይገባል ማለት ነው።

ማያያዣው ላይ የሚያርፈው ጫናም መለካት አለበት። ለካራቫን ከተሳቢው ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው የመኪናው መንጠቆ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ለ1,200 ኪሎ ተሳቢ ይህ ከ60 እስከ 84 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ካነሰ የተሳቢው አፍንጫ ይቀልና በፍጥነት ጊዜ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይዘቅጥና የፊት ጎማዎቹ መሬት መያዝ ያቅታቸዋል። ጫናውን ለማወቅ ሰው የሚመዘንበት የቤት ሚዛን ይበቃል፦ ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ጎማውን በድንጋይ ይደግፉ፤ ከዚያ በማያያዣው ቁመት ልክ የተቆረጠ ጣውላ ሚዛኑ ላይ አቁመው አፍንጫውን ያሳርፉበትና ቁጥሩን ያንብቡ። ቁጥሩ ካልተስማማ ከባዱን ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ ወዳለው መሐል እያቀረቡ ያስተካክሉ።

ከሁሉም የበለጠ ለመስመር ምርጫ የሚጠቅመው መለኪያ ግን የመታጠፊያው ነው። ተሳቢ የመኪናውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ጥጉን ይቆርጣል። ምን ያህል እንደሚቆርጥ ለማወቅ ሰፊ ሜዳ ፈልገው አንድ ድንጋይ እንደ መንገድ ጥግ ያስቀምጡና በእግር መንገድ ፍጥነት ወደ ቀኝ ይታጠፉ፤ ረዳትዎ የመኪናው የውስጥ የፊት ጎማና የተሳቢው የውስጥ ጎማ ያለፉበትን መስመር በኖራ ወይም በዱላ ይጫር። በሁለቱ ጭረቶች መካከል ያለውን ከፍተኛ ርቀት በሜትር ይለኩት። ያ ቁጥር ከጥጉ ምን ያህል ርቀው መታጠፍ እንዳለብዎት ይነግርዎታል፤ ካርታ ላይ አንድን መታጠፊያ ሲያዩም «ይበቃኛል» ወይም «አይበቃኝም» ለማለት መነሻ ይሆንዎታል። ይህን ሳይሞክር ተሳቢ ይዞ ወደ አዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ሳይ የምሰጋው ከራሱ ይልቅ በጥጉ ላይ ታክሲ ለሚጠብቀው እግረኛ ነው።

ሰነድ በአጭሩ፦ ተሳቢው የራሱ ሰሌዳና ሊብሬ እንዳለው፣ የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ እንደተለጠፈበት፣ ኢንሹራንሱ ተሳቢውንም እንደሚሸፍን፣ መንጃ ፈቃድዎም ተሳቢ ለመጎተት የሚፈቅድ ምድብ መሆኑን ከመነሻው ቀን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሁለተኛ፦ ከተማዋ ውስጥ መግባት ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ

አዲስ አበባን ለማለፍ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ አለመድረስ ነው። ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ ከሞጆ በመቂ በኩል እስከ ባቱ የሚወስደው ፈጣን መንገድም ለተሳቢ ምቹ ነው። ወደ ቡታጅራና ወደ ሆሳዕና የሚሄደውም ባቱ ደርሶ ወደ ምዕራብ ቢታጠፍ ከቃሊቲና ከዓለም ገና ግፊያ ያመልጣል።

ወደ ኮምቦልቻና ደሴ ለሚሄዱ ሌላ አማራጭ አለ፤ ከአዳማ ወደ ምሥራቅ በአዋሽ ሰባት፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በባቲ በኩል መውጣት ይቻላል። ይህ መስመር ርዝመቱ የሚበልጥ ቢሆንም አዲስ አበባንም የጣርማ በርን ዳገትና ዋሻም ያስቀራል። በምትኩ የሚጠይቀው የቆላ ሙቀትን መቋቋም ነው፦ ጎማ በሙቀትና በጭነት ይጎዳል፤ ስለዚህ ያረጀ ጎማ ይዞ ወደዚያ መውረድ ተገቢ አይደለም። የጎማ ነፋስ ማለዳ ቀዝቀዝ ሲል ይለካ፤ ቀትር ላይ ሞቆ ግፊቱ ስለጨመረ ብቻ ነፋስ ማውጣት ስሕተት ነው። ከሚሌ በኋላ ወደ ባቲና ወደ ኮምቦልቻ ያለው ዳገት ሞተር ይፈትናል። በየትኛውም መስመር የዕለቱን የመንገድና የጸጥታ ሁኔታ ከዚያ የመጡ ሹፌሮችን መጠየቅ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ መውጫውን ይምረጡ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ከተማዋ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ፣ ብዙ ሰው «ከአዳማ እንዴት ልግባ» ብሎ ይጀምራል። ትክክለኛው ጥያቄ «በየት ልውጣ» የሚለው ነው። መውጫው ከታወቀ የሚቀረው ከመውጫው ወደ ቱሉ ዲምቱ እያንዳንዱን መታጠፊያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ መምጣት ነው።

ቱሉ ዲምቱ ከአዳማ የሚመጣው ፈጣን መንገድ የአዲስ አበባ ጫፍ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ሁለት ትልልቅ ምርጫዎች ይቀርቡልዎታል። አንደኛው ወደ ጎሮ የሚወጣው፣ ሁለተኛው ወደ ቃሊቲ ቀለበት መንገድ የሚወስደው ነው። በስተ ምሥራቅ ለሚወጣ ጎሮ፣ በስተ ምዕራብ ለሚወጣ ቃሊቲ ይሻለዋል፤ ይህን እዚያ ደርሶ መወሰን ግን አይቻልም።

ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚሄዱ ከሆነ ከቱሉ ዲምቱ በጎሮ፣ በሰሚት፣ በአያት አድርገው ወደ ለገጣፎና ሰንዳፋ ይወጣሉ። እዚህ መስመር ላይ መጠንቀቅ ያለብዎት አያት አካባቢ ነው። ከአያት ወደ መገናኛ የሚሄደው የቀላል ባቡር ሐዲድ በመንገዱ መሐል ስለተዘረጋ ወደ ግራ መታጠፍና መዞር የሚቻለው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ወደ ለገጣፎ የሚያወጣውን አቅጣጫ አንድ ጊዜ ካለፉ በሚቀጥለው ክፍተት እዞራለሁ ማለት በተሳቢ አያዋጣም።

ወደ ጅማ ለሚሄዱት መስመሩ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያ በቀለበት መንገዱ ምዕራባዊ ክንፍ በለቡና በጀርመን አደባባይ አቅጣጫ ወደ አየር ጤና፣ ቀጥሎም ወደ ዓለም ገናና ሰበታ ነው። ወደ አምቦ የሚሄዱት አየር ጤናን አልፈው በጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት፣ ከዚያ በአስኮ ወደ ቡራዩና ሆለታ ይወጣሉ። ወደ ጎጃም የሚሄዱት ደግሞ ከዊንጌት አቅጣጫ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ሱሉልታ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። ቀለበት መንገዱ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቢሆንም ስሙ እንደሚለው ዙሪያውን አይዘጋም፤ በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራራ ስላለ ምሥራቃዊውና ምዕራባዊው ክንፍ እዚያ አይገናኙም። ስለዚህ «በቀለበቱ ዞሬ በሌላኛው በኩል እወጣለሁ» የሚል ሐሳብ ይዞ የሚነሣ ሰው መጨረሻ ላይ በመሐል ከተማ ጎዳና ራሱን ያገኘዋል። ለጎጃም የሚሄድ ሰው በምሥራቁ ክንፍ መገናኛ ደርሶ በመሐል ከተማ ወደ አዲሱ ገበያ ልሻገር ካለ በተሳቢ ከሚያጋጥሙት ሁሉ አስቸጋሪውን መርጧል ማለት ነው።

ቀለበት መንገዱ ዋና መስመርና ከጎኑ የሚሄድ የአገልግሎት መንገድ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩት ክፍተቶች የተወሰኑ ናቸው። መውጫው ከመድረሱ አስቀድመው ቀኙን መስመር ይያዙ። ክፍተቱ ካመለጠዎት ፍሬን ይዘው በመሐል አይቁሙ፤ የሚቀጥለው አደባባይ ድረስ ይሂዱና እዚያ ዞረው ይመለሱ። ስለዚህ በወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ዋና መውጫ «ካለፈኝ በየት እዞራለሁ» የሚለውን መልስ አብሮ መጻፍ ተገቢ ነው።

ከፍታውም መታሰብ አለበት። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ ወደ ሱሉልታ የሚወስደው የእንጦጦ ዳገት ደግሞ ከዚያም ይልቃል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ አዳማ ላይ ተሳቢውን በቀላሉ የጎተተው መኪና እንጦጦ ላይ ሌላ መኪና መስሎ ሊታይዎት ይችላል። መኪናው በአዳማ ሜዳ ላይ ጭንቅ ካለው፣ ጭነት መቀነስ ያለብዎት እዚያው አዳማ ላይ ነው።

አራተኛ፦ ከአዳማ እስከ ቱሉ ዲምቱ በየትኛው መንገድ

ሁለት መንገድ አለ፦ አሮጌው መንገድና በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ። አሮጌው በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በዱከምና በገላን መሐል ከተማ ያልፋል፤ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ የሚሻገር ሰውና ከብት፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ጭነት የሚያወርድ መኪና ሁሉ አለበት። ፈጣን መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መስመር ያለው፣ የታጠረና ባጃጅ የማይገባበት ነው። ለተሳቢ ፈጣን መንገዱን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ፤ የሚከፈለው ገንዘብ ጎማና ፍሬን ላይ ከሚተርፈው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ይህ ምርጫ የራሱ ሕግ አለው። ፈጣን መንገዱ ላይ እንደ ፈለጉ መቆም፣ መዞር ወይም ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። ሲገቡ ካርድ ይቀበላሉ፤ ሲወጡ በተሽከርካሪው ዓይነትና በርቀቱ ልክ ይከፍላሉ፤ ተሳቢዎ በየትኛው የክፍያ መደብ እንደሚገባ ከጉዞው በፊት ጠይቀው ይዘጋጁ። ክፍያ ጣቢያው ላይ ከሩቅ ጀምረው ሰፊውን መስመር ይያዙ፤ በመጨረሻ ሰዓት መስመር መቀየር ለተሳቢ አደገኛ ነው። የመንገዱ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ያ ለእርስዎ የተሰጠ ፈቃድ ነው ብለው አያስቡ። ካራቫን ለሚጎትት መኪና በቀኙ መስመር ከ70 እስከ 80 ባለው ፍጥነት መሄድ በቂ ነው፤ ለተሳቢ የተለየ ገደብ የሚያሳይ ምልክት ካለም እሱ ይከበር።

ነፋስን በተመለከተ አዳማ ያሉ ሰዎች ከሌላው በተሻለ ሊረዱኝ ይችላሉ። ከከተማዋ አጠገብ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች፣ ማለትም 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት፣ የተተከሉት አካባቢው ነፋሻ ስለሆነ ነው። ያው ነፋስ የካራቫንን ሰፊ ጎን ይመታል። በተለይ ከተቆረጠ ኮረብታ መሐል ወደ ገላጣ ሲወጡና ትልቅ አውቶቡስ ወይም ሎቤድ (ከባድ ዕቃ የሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ) ሲያልፍዎት ተሳቢው ወደ ጎን ሲሳብ ይሰማዎታል። የጠዋት ነፋስ ብዙ ጊዜ ከከሰዓቱ ስለሚለዝብ ይህም በማለዳ ለመነሣት ተጨማሪ ምክንያት ነው።

አምስተኛ፦ ሐሳብ መለወጥ የሚቻልባቸውን ቦታዎች ያስምሩ

መስመሩን ካወጡ በኋላ በመንገዱ ላይ ሐሳብዎን ሳይጨነቁ መለወጥ የሚችሉባቸውን ቦታዎች ያውጡ። ከአዳማ ሲነሡ አራቱ ግልጽ ናቸው። ሞጆ የመጀመሪያው ነው፤ ወደ ደቡብ ለመታጠፍ የመጨረሻው ዕድል እዚያ ነው፤ ከባድ ተሽከርካሪ የሚመዘንበት ሚዛን ጣቢያም አለ። ቢሾፍቱ ሁለተኛው ሲሆን ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ የጎማ ብሎን ለማየት ተስማሚ ርቀት ላይ ይገኛል፤ ጎማ ከተፈታና ከተገጠመ በኋላ ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ብሎኑን እንደገና ማጥበቅ የታወቀ ጥንቃቄ ነውና። ዱከም ሦስተኛው ነው፤ ከተማው ውስጥ መንገድ ተዘግቷል የሚል ወሬ ከሰሙ እዚያ ወጥተው ሰፊ ማደያ ላይ መጠበቅ ይችላሉ። ቱሉ ዲምቱ የመጨረሻው ሲሆን እዚያ የሚቀርዎት ጎሮ ወይም ቃሊቲ ብቻ ነው።

መቆሚያ ሲመርጡ ዋናው መስፈርት በአንድ በር ገብተው ሳይገለበጡ በሌላ በር መውጣት የሚችሉበት መሆኑ ነው። ማደያው ሰፊ መስሎ ከታየዎት ግን መውጫው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሌሎች መኪኖች ከኋላ ሲሞሉ እዚያው ይታገታሉ። ማደር ካለብዎት ጥበቃ ያለው፣ መብራት ያለውና ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ግቢ ይምረጡ፤ ከአዲስ አበባ መሐል ይልቅ በዱከም፣ በሞጆ ወይም ከከተማው ማዶ በሰበታ ወይም በሰንዳፋ አካባቢ መፈለግ ይቀላል።

ስድስተኛ፦ ቀኑንና ሰዓቱን ይምረጡ

አዲስ አበባ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች ቀን ላይ እንዳይንቀሳቀሱ የሚገድብ የሰዓት ደንብ አላት። ገደቡ በተሽከርካሪው የመጫን አቅም ስለሚለያይና ስለሚሻሻል፣ የእርስዎ መኪናና ተሳቢ የሚመለከተው መሆን አለመሆኑን ከከተማዋ የትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን አስቀድመው ያጣሩ። ገደቡ ባይመለከትዎትም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቃሊቲንና አየር ጤናን በተሳቢ መሞከር አይመከርም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከአዳማ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሥተው በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ከሄዱ፣ መቆሚያ ከሌለ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ቱሉ ዲምቱ ይደርሳሉ፤ ለብሎን ምርመራ ሩብ ሰዓት ቢጨምሩም የከተማው ግፊያ ሳይጀምር ወደ መውጫዎ ይቃረባሉ። በሌሊት መንዳት በሌላው መንገድ ብዙ አደጋ አለው፤ መብራት የሌለው ጋሪ፣ የተኛ ከብት፣ እንዲሁም ተበላሽቶ የቆመ መኪና ሹፌር ምልክት ብሎ አስፋልት ላይ የደረደረውና ሲነሣ ትቶት የሄደው ድንጋይ። ያንን ድንጋይ የተሳቢ ጎማ በሌሊት ሲያገኘው የሚከተለውን ማንም አይመኝም። የታጠረው ፈጣን መንገድ ላይ ይህ አደጋ ስለሚቀንስ ከንጋት በፊት መነሣቱን የምመክረው ለዚህ ክፍል ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ የወጡበት ጊዜ ነግቶ መሆን አለበት። ሌሊት መነሣት ለማይሆንለት ሰው የእሑድ ጠዋት ሁለተኛው ምርጫ ነው።

በዓላትን በቀን መቁጠሪያ ላይ ሳያዩ ቀን አይቁረጡ። በመስከረም ማብቂያ አካባቢ የኢሬቻ በዓል ቅዳሜ በአዲስ አበባ፣ እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሲከበር መስመሩ ሁሉ በሕዝብና በአውቶቡስ ይሞላል፤ መንገዶችም ይዘጋሉ። የደመራ ዕለት፣ የከተራና የጥምቀት ዕለት ታቦታት በሚያልፉባቸው ጎዳናዎች ላይ ተሳቢ ይዞ መገኘት ለራስም ለምእመናንም ችግር ነው። በኅዳር አንድ እሑድ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫም የመሐል ከተማ መንገዶችን ስለሚያዘጋ «እሑድ ነው፣ ባዶ ነው» የሚለው ግምት በዚያ ቀን አይሠራም። በክረምት ደግሞ የሱሉልታና የሰንዳፋ ጉም ይታሰብበት፤ ጉሙ ሳይነሣ ዳገቱን ከመጀመር ከዳገቱ በፊት ቆሞ መጠበቅ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ የስልኩን ካርታ ያርሙት

የስልክ ካርታ መስመር የሚያወጣው ለቤት መኪና ነው፤ ርዝመትዎንም ቁመትዎንም አያውቅም። ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ በኮንዶሚኒየም መሐል በኮብልስቶን መንገድ ሊመራዎት ይችላል። ስለዚህ ካርታውን ለማየት እንጂ ለመታዘዝ አይጠቀሙበት። መጀመሪያ የክፍያ መንገዶችን እንዲያስቀር የሚያዘው ምርጫ መጥፋቱን ይመልከቱ፤ አለበለዚያ አሮጌውን መንገድ ያሳይዎታል። ቀጥሎ በመሐል መስመሩ የሚያልፍባቸውን ቦታዎች፣ ማለትም ቱሉ ዲምቱን፣ ቃሊቲን፣ አየር ጤናን፣ ራስዎ አንድ በአንድ ያስገቡለት፤ በገዛ ፈቃዱ እንዲመርጥ አይተዉት። ከዚያ የሳተላይት ምስሉን ከፍተው እያንዳንዱን መታጠፊያ አጉልተው ይመልከቱ፤ በሜዳ ላይ የለኩትን ቁጥር የሚያወጡት እዚህ ነው። በጥጉ ላይ የቆሙ ታክሲዎች ከታዩ ያ ስፋት በተግባር የለም ብለው ይቀንሱት።

የሳተላይት ምስል ያረጃል። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በአዲስ አበባ ብዙ ጎዳናዎች ሰፍተዋል፣ አደባባዮችም ተቀይረዋል፤ በአዳማም ሥራው እየተካሄደ ነው። ስለዚህ የምስሉን መረጃ በቅርብ ቀን ያለፈ ሰው ያረጋግጥልዎ። ከተቻለ በጣም የሚሻለው ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ያለ ተሳቢ በዚያው ሰዓት አልፎ ማየት ነው፤ ረዳትዎ አብሮ ሄዶ ድልድዮቹንና መታጠፊያዎቹን ይመዝግብ።

የመጨረሻውን መስመር በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፉ። «ቱሉ ዲምቱ፦ ወደ ቃሊቲ። ቀለበት፦ ቀኝ መስመር። ካለፈኝ፦ የሚቀጥለው አደባባይ» ያህል አጭር ይሁን። ወረቀቱን የሚያነበው ረዳቱ ነው፤ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ማንሣት የለበትም። ኔትወርክ ሲጠፋ እንዳይቸገሩም ካርታውን ስልኩ ላይ አስቀድመው ያውርዱት።

ስምንተኛ፦ የመነሻው ዕለት

ከመነሣትዎ በፊት ማያያዣው መቆለፉን፣ የደኅንነት ሰንሰለቱ መያያዙን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ መሬት አለመንካቱን፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት መሥራታቸውን ረዳትዎ ከኋላ ቆሞ ያረጋግጥ። የጋዝ ሲሊንደሩ ይዘጋ፤ የተሳቢው መስኮትና ደረጃ ይታጠፍ። ስፖኪዮው የተሳቢውን ሁለቱንም የኋላ ጥጎች ካላሳየዎ ተጨማሪ ስፖኪዮ ሳይገጥሙ አይነሡ። ከረዳትዎ ጋር በእጅ ምልክት ይስማሙ፤ ሁልጊዜም በስፖኪዮ በሚታይዎት በኩል ይቁም፤ እሱን ካላዩት ወዲያው ማቆም ልማድ ይሁንብዎ። ቤትዎ በአሰላ መውጫ ወይም በወንጂ በኩል ከሆነ የአዳማን መሐል ባጃጅ ሳይበዛበት ይሻገሩ።

በመንገድ ላይ ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ነዳጅ ቀስ ብለው ይልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ፍሬን በኃይል አይርገጡ፤ ከወዲያ ወዲህ በመሪ ለማረም አይሞክሩ፤ ፍጥነት ጨምሬ አስተካክለዋለሁ ማለትም አደጋውን ያከፋዋል። ከተረጋጋ በኋላ በሚቀጥለው መውጫ ወጥተው ጭነቱንና የጎማውን ነፋስ ይዩ። በአደባባይ ላይ ከትናንሽ መኪኖች ጋር አይሽቀዳደሙ፤ ሰፋ አድርገው ይግቡ፣ ከውስጥ በኩል ሊሾልክ የሚሞክረውን ባጃጅ በስፖኪዮ እያዩ ቀስ ብለው ይውጡ።

የመልስ ጉዞው የተለየ ዕቅድ ይፈልጋል። ሲመለሱ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ቁልቁለት ላይ ተሳቢው መኪናውን ስለሚገፋ የመወዛወዝ ዕድሉ ከመሄጃው ይበልጣል። ፍጥነቱ ከመጨመሩ በፊት ማርሽ ያክብዱ፤ ፍሬንን ደጋግሞ ከመያዝ በሞተር መያዝ ይሻላል። ቢሾፍቱ ላይ ወጥተው ሲቆሙ እጅዎን ወደ ጎማው ማዕከል ያቅርቡ፣ ግን አይንኩት፤ ከጎማዎቹ የአንዱ ማዕከል ከሌሎቹ ጎልቶ የሚያቃጥል ከሆነ ያ ፍሬን ተጣብቋል ወይም ኩሽኔታው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እስኪታይ ድረስ ወደ አዳማ አይቀጥሉ።